ከካፒቶል ግርጌ ያለው የመስታወት ጫካ እንዴት ይሠራል?

ጥር ላይ የዋሽንግተን ዲሲ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከካፒቶል ኮረብታ ግርጌ፣ በስተደቡብ ምዕራብ በኩል ወዳለው የድንጋይና የመስታወት ሕንፃ የገባ ሰው ግን ጥቂት እንደተራመደ መነጽሩ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከአናቱ በላይ የሙዝ ቅጠል ተንሰራፍቶ ያገኛል። ሕንፃው የዩናይትድ ስቴትስ የዕፅዋት ማዕከል የመስታወት ቤት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ብዙው ጎብኚ ከኦርኪዶቹ አጠገብ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። በዚህ የሚከፋ የለም፤ ነገር ግን ቤቱን እንደ መናፈሻ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም። የመስታወት ቤት አንድም ዕፅዋትን ከአገራቸው ውጪ የሚያኖር መሣሪያ ነው፤ አንድም ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ቡናን፣ ጎማንና የወባ መድኃኒትን ከአህጉር አህጉር ያሻገረ ጣቢያ ነው። በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት።

በመጀመሪያ መሣሪያነቱን እንመልከት። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን ዘልቆ ይገባና አፈሩን፣ ቅጠሉንና ወለሉን ያሞቃል። እነርሱ ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን አየር ያሞቁታል። ሜዳ ላይ ቢሆን የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ በቀዝቃዛ ይተካ ነበር፤ እዚህ ግን ጣሪያው ያግደዋል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ነገሩን በቆዳው ያውቀዋል። ብዙ የትምህርት መጻሕፍት የሙቀቱን ምንጭ የሚያስረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ መስታወት ብርሃንን አስገብቶ ከመሬት የሚነሣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ስለሚያስቀር ነው ይላሉ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1909 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን በሁለት ሳጥን ፈተነው። አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን ደግሞ የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የድንጋይ ጨው ከደነ። ሁለቱ ሳጥኖች እኩል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሞቁ። ስለዚህ ዋናው ሥራ አየሩን ማገት ነው። ከባቢ አየራችንን የሚያሞቁት ጋዞች ግን አየር አያግቱም፤ የሚሠሩት በእርግጥም በጨረሩ በኩል ነው።

ሙቀት መሰብሰቡ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ችግሩ የሚመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መስታወት ቀን የሰበሰበውን ማታ ወዲያው ያስረክባል። ዋሽንግተን ላይ በክረምት ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ካካዎን የመሰለ የሞቃት አገር ዛፍ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መጎዳት ይጀምራል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬው ይረግፋል። ስለሆነም ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ በአንድ ብርቱ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ቢቋረጥ የብዙ ዓመት ልፋት ሊጠፋ ይችላል። በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የከተማዋ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቤቱ ምድጃ እንዳይሆን የጣሪያው ጫፍ ላይ ያሉት መስኮቶች ይከፈታሉ። ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ በታች በኩል ቀዝቃዛው ይሳባል፤ ንፋስ ማራገቢያ ባይኖር እንኳ አየሩ በራሱ ይንቀሳቀሳል። የጥላ መጋረጃም ይዘረጋል። በሞቃት ቀን የሄደ ጎብኚ ቀና ብሎ ቢያይ መስኮቶቹ ማንም ሳይነካቸው በአንድነት ሲከፈቱ ሊያይ ይችላል፤ የሚያዝዛቸው በየክፍሉ ካሉት መለኪያዎች ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። የጫካ ተክል ቅጠሉ ሰፊና ስስ ነው፤ ደረቅ አየር ካገኘው ከሥሩ ከሚስበው በላይ ውኃ በቅጠሉ ያጣል። የበረሃ ተክል ደግሞ በእርጥብ አየር ውስጥ ይበሰብሳል። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር ያለው መንገድ ክፍሎቹን በግድግዳና በሚዘጉ በሮች መለየት ብቻ ነው። በሮቹ ላይ «እባክዎ ይዝጉ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ለጨዋነት ብቻ እንዳይመስልዎ። በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶ የሚሄድ ጎብኚ የአማዞንን ጫካ አየር ወደ አሪዞና በረሃ እየላከ ነው።

አገር ቤት ያሉ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ የሆለታና የባቱ የአበባ እርሻዎች ትዝ ሊሏቸው ይችላሉ። ግሪን ሃውስ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚያ ቤቶች በአብዛኛው በፕላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው። የጽጌረዳ ገበሬው የሚፈልገው ዝናቡ አበባውን እንዳያበላሸውና የሌሊቱ ብርድ እንዲለዝብለት ነው፤ የቀረውን የደጋው አየር ራሱ ይሠራለታል። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም ለአገር በቀል ዛፎቹ መስታወት አያስፈልገውም፤ ሜዳ ላይ ተተክለው ይኖራሉ። ሲንጋፖር ደግሞ በ2012 የከፈተቻቸው ግዙፍ የመስታወት ቤቶች ዋና ሥራቸው ማቀዝቀዝ ነው። አንደኛው ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይጠበቃል፤ ሁለተኛው የደጋ ደመና የማይለየውን ጫካ በ35 ሜትር ሰው ሠራሽ ተራራ ላይ ያኖራል። ለሲንጋፖር ነዋሪ ብርቁ የአየር ጠባይ የእኛ ደጋ ዓይነት ነው ማለት ነው።

ወደ ዋሽንግተኑ ቤት እንመለስ። የዛሬው ሕንፃ የተከፈተው በ1933 ነው። የመካከለኛው ክፍል ጣሪያ 28 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ሰው ደረጃ ወጥቶ የዛፎቹን አናት ከላይ እያየ የሚዞርበት መተላለፊያም አለው። ከታች ሆኖ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ከላይ ሌላ። ከታች ጨለማ፣ ሰፋፊ ቅጠልና እርጥብ አፈር አለ፤ ከላይ ብርሃኑ ይበረታል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ሐረጎችና በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ተክሎች ይታያሉ። የጫካ ሕግ ቁመት ነው፤ ብርሃን የሚገኘው ላይ ስለሆነ ሁሉም ወደ ላይ ይሽቀዳደማል። ጥቂቶች ብቻ ጥላውን ለምደው ከታች ይቀራሉ። ቡና ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። በከፋና በኢሉባቦር ጫካ የሚበቅለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነውና።

እኔን ከሁሉም ይልቅ የሚገርመኝ የበረሃው ክፍል ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲገባ «ይሄማ ቁልቋል ነው» ማለቱ አይቀርም። ግማሹን ያህል ይሳሳታል፤ መሳሳቱም ደስ የሚል ነው። በእኛ ቆላማና ወይና ደጋ ተዳፋቶች ላይ የሚበቅለው ቁልቋልና የአሜሪካ በረሃ ካክተስ ዝምድና የላቸውም ማለት ይቻላል። አንዱ የአፍሪካ፣ ሌላው የአሜሪካ ነው፤ ቤተሰባቸው የተለያየው እጅግ ከራቀ ዘመን ጀምሮ ነው። ቅጠላቸውን ጥለው ግንዳቸውን በውኃ የሞሉት፣ ሸንተረር ያወጡትና እሾህ የታጠቁት ለየብቻቸው ነው፤ ያው ድርቅ ያው መፍትሔ ላይ አደረሳቸው። ለመለየት ጠጋ ብሎ የእሾሁን ሥር ማየት ነው። ካክተስ ከሆነ እሾሆቹ ከአንድ ክብ፣ ጥጥ መሳይ ትራስ ላይ በአንድነት ይወጣሉ። የአፍሪካው ቁልቋል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከጠንካራ ጠርዝ ላይ ይበቅላሉ። ቢቆረጥ ደግሞ ቁልቋሉ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ አብዛኛው ካክተስ ግን ውኃ መሳይ ፈሳሽ ብቻ ነው ያለው። ይህን ለማረጋገጥ ግን የማዕከሉን ተክል መቁረጥ እንደማያስፈልግ ልጆችዎን ያስጠንቅቁልኝ።

ካክተስና ብዙዎቹ የበረሃ ተክሎች ሌላም ብልሃት አላቸው። ሌላው ተክል አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታል፤ እነርሱ ማታ ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያከማቻሉ፣ ቀን ደግሞ ዘግተው በተከማቸው ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት የሚያጡት ውኃ እጅግ አነስተኛ ነው። ቀን የሄደ ጎብኚ የሚያየው የተዘጋ መዝጊያ ነው።

በመስታወት ቤት ውስጥ የሚጎድለው ነገር ነፍሳት ናቸው። ንብ የለችም፤ ስለዚህ ፍሬ የሚፈልግ አትክልተኛ የአበባውን ብናኝ በእጁ ያሸጋግራል። የቫኒላ ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል። ቫኒላ የሜክሲኮ ኦርኪድ ነው። በአውሮፓ የመስታወት ቤቶች ለረዥም ዘመን ሐረጉ እየለመለመ አበባ ሲያወጣ ፍሬ ግን ዝር አላለም። በ1836 ቤልጅየም ውስጥ፣ በሊዬዥ ከተማ፣ ሻርል ሞረን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በእጅ አሸጋግሮ ፍሬ አገኘ። ለገበሬ የሚሆነውን ቀላል ዘዴ ያመጣው ግን በሕንድ ውቅያኖሷ የሬዩኒዮን ደሴት በባርነት የነበረው ኤድሞን አልቢየስ ነው፤ በ1841፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ። በቀጭን ስንጥር የአበባውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ሁለቱን ክፍሎች አገናኘ። ዛሬም በዓለም ገበያ ያለው የተፈጥሮ ቫኒላ በአብዛኛው በዚያው የእጅ ሥራ የሚመረት ነው።

የተባይ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ንብ የማይገባበት ቤት ለተክል ቅማልና ለነጭ ዝንብ ገነት ነው። ክረምት የለም፣ ዝናብ አያጥባቸውም፣ ጠላት የላቸውም። በየሰዓቱ ሕዝብ በሚመላለስበት ክፍል ደግሞ መርዝ እንደልብ አይረጭም። ስለዚህ ብዙ የመስታወት ቤቶች ተባይ የሚበሉ ጥንዚዛዎችንና ጥቃቅን ተርቦችን ገዝተው ይለቅቃሉ። ቅጠል ላይ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ተንጠልጥላ ያየ ሰው ቆሻሻ መስሎት እንዳይነቅላት፤ የሠራዊቱ ሰፈር ልትሆን ትችላለች።

አንዳንድ ዓመት ከማዕከሉ በር ላይ ረዥም ሰልፍ ይታያል። ምክንያቱ ከሱማትራ ደሴት የመጣውና ሽታው እንደ በከተ ሥጋ የሆነው ግዙፍ አበባ ነው። ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለዓመታት ጉልበት አጠራቅሞ ከሰው በላይ የሚረዝም አበባ ያወጣና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል። ሽታውን ለማሰራጨት ራሱን እስከ ሰው ገላ ሙቀት ድረስ ያሞቃል፤ ዓላማው ጥንብ የሚወዱ ጥንዚዛዎችንና ዝንቦችን መጥራት ነው። ለንደን በሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል በ1926 ሲያብብ የሕዝቡን ብዛት ለመቆጣጠር ፖሊስ ተጠርቶ ነበር። ሰው ለመጥፎ ሽታ እንዲህ መሰለፉን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ። የዋሽንግተኑ ማዕከል በኮንግረስ የተቋቋመው በ1820 ነው። ከዚያ ተዳክሞ ነበር፤ ያነሣው ከ1838 እስከ 1842 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ፓሲፊክ የላከው የምርምር ጉዞ ነው። መርከቦቹ ሕያው ተክሎችን ይዘው ስለተመለሱ ማስቀመጫ የመስታወት ቤት መሠራት ግድ ሆነ። የእነዚያ ተክሎች ዘሮች እስከ ዛሬ በማዕከሉ አሉ። ሕያው ተክልን በባሕር ማጓጓዝ ያኔ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የጨው ርጭቱ ያቃጥላቸዋል፣ መርከበኛው ለራሱ የሚጠጣው ውኃ አጥሮት ለተክል አያፈስስም፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ይሞት ነበር። መላው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ (አባጨጓሬው ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የሚያድርበት ቅርፊት) እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ አስቀመጠ፤ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቀሉ። ውኃው ከቅጠሉ ተንኖ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ማጠጣት አላስፈለገውም። በ1833 እንዲህ ባሉ የታሸጉ የመስታወት ሳጥኖች ከለንደን ሲድኒ ድረስ ተክል ላከ፤ ደኅና ደረሱ።

ያቺ ሳጥን የዓለምን ንግድ ቀየረች። የወባ መድኃኒት የሚወጣበት ሲንኮና ከአንዲስ ተራሮች ወደ ሕንድ ተሻገረ። በ1876 ከብራዚል 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ፍሬ ወደ ኪው ተወሰደ፤ ከሦስት ሺህ ያነሰው ብቻ በቀለ። ያ በቂ ነበር፤ ችግኞቹ ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ)ና ወደ ሲንጋፖር ተልከው ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ የእስያ እርሻ የብራዚልን የጎማ ገበያ አንኮታኮተው። ኪው ሌላም የደረሰው አለ። በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ፍሬ ላከ። የማዕከሉ ሊቃውንት ምንነቱን ያወቁት ፍሬው በቅሎ፣ ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ የሙዝ ዘመድ መሆኑ በገሃድ ከታየ በኋላ ነው።

ቡና ግን ሳጥኗን አልጠበቀም። ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻግሮ ነበር፤ ሆላንዶች ወደ ጃቫ ወሰዱት፤ በ1706 አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ከዚያው ዘር አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሰጡ፤ በፓሪስ የንጉሡ የዕፅዋት ማዕከል በመስታወት ቤት ውስጥ ተተከለ። በ1720ዎቹ ጋብሪኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን የዚህን ዘር ችግኝ በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የማርቲኒክ ደሴት ይዞ ተጓዘ። እንደ ራሱ አተራረክ መርከቡ ላይ ውኃ ሲጎድል ከድርሻው ለችግኙ ያካፍል ነበር። እንዴት ከጥቂት ችግኝ ይህን ያህል ተስፋፋ? መልሱ የአረቢካ ቡና ባሕርይ ነው፤ አበባው ከራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ ስለሚችል ሌላ ተክል አይፈልግም። እንደ ቫኒላም የሰው እጅ አያስፈልገውም። የላቲን አሜሪካ ቡና ብዙው ክፍል ከእነዚህ ጥቂት የመስታወት ቤት ተክሎች የተራባ ነው።

ዋጋው የተከፈለው በኋላ ነው። ዘሩ ጠባብ ስለሆነ በሽታን መቋቋም አልቻለም። የቡና ቅጠል ዋግ በ1869 ሲሎን ላይ ታየ፤ ከዚያም ደሴቲቱ ቡናን ትታ ወደ ሻይ ዞረች። ብራዚል በ1970 ደረሰ። የመስታወት ቤት የሚያኖረው አንድን ተክል ነው እንጂ የተክሉን ሕዝብ አይደለም። ይህን በግልጽ የሚያሳየው ኪው ውስጥ ያለ አንድ ተክል ነው። በ1895 በደቡብ አፍሪካ አንድ ጫካ ውስጥ አንድ ብቻውን የቆመ፣ ወንድ የሆነ ሳይካድ የተባለ ዘንባባ መሳይ ተክል ተገኘ። ከሥሩ እየተቆነጠሩ የተወሰዱት ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሴት እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በብዙ ከተሞች በክብካቤ እየኖረ ነው፤ ዘር ግን አያፈራም።

ለቡና ግን ጫካው አለ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር በታንዛኒያ በኩል በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ የተፈለገው ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። በ2004 ፓናማ ውስጥ በጣዕሙ በጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ። የቡና ፍሬ እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረዥም ዘመን አይቀመጥም፤ ስለዚህ ዘሩን መጠበቅ የሚቻለው ዛፉን በመትከል ነው። በጅማ ዞን ጮጬ ያለው የቡና ዘረመል ማቆያ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን በመሬት ላይ የሚያኖረው ለዚህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በየመስታወት ቤቱ ከቡናው ተክል አጠገብ የሚለጠፈው ጽሑፍ «አፍሪካ» ብሎ ማለፉ አይበቃም፤ ጫካውን በስሙ ቢጠራ ምን አለበት?

ለመጎብኘት ለሚያስብ ጥቂት ነገር ልጨምር። ቤቱ በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ ከመሄድ በፊት የማዕከሉን ድረ ገጽ ማየት ግን አይከፋም። በክረምት ከሄዱ ስስ ልብስ ከሥር ይልበሱ፤ ካሜራ ከያዙ ሌንሱ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፣ አለበለዚያ ፎቶግራፉ ሁሉ ጉም ነው። ሕፃናት ቅዳሜና እሑድ ስለሚበዙ ጽሑፍ እያነበቡ ቀስ ብለው መዞር የሚወዱ የሥራ ቀን ጠዋት ይምረጡ። ቡናው ከሙዙ፣ ከካካዎውና ከሌሎቹ ለሰው ከሚጠቅሙ ተክሎች ጋር ብዙውን ጊዜ በመግቢያው አዳራሽ አካባቢ ነው። ሲያገኙት ፍሬው ቀልቶ ከሆነ ልጆች እጃቸውን ይሰብስቡ፤ መልቀም የተከለከለ ነው።